ዘይቱን ከመድፋታችን በፊት እንመርምረው

ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
እንዲሁም ኮምፕሬሰር ላላቸው ፋብሪካዎች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ የኮምፕሬሰር ዘይትን በተንቀሳቃሽ ማጣሪያ አጽድቶ መልሶ ስለመጠቀም

ክቡራን፣

የጥገና ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፋብሪካ ማሽኖች መካከል ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በየፋብሪካው የማየው አንድ ብክነት በዝምታ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ ነው። ገና ብዙ መሥራት የሚችል የኮምፕሬሰር ዘይት በየጊዜው ከማሽን እየተቀዳ ይጣላል። የሚጣለው ተመርምሮ መበላሸቱ ስለታወቀ አይደለም፤ የሰርቪስ ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ ነው። በምትኩ የሚገባው አዲስ ዘይት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። የወጣው የት እንደሚደርስ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም።

የምለምነውን አስቀድሜ ልናገር። ዘይት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በምርመራ ይቀየር። ቆሽሾ ግን ጤነኛ የሆነው በተንቀሳቃሽ ማጣሪያ ጸድቶ ወደዚያው ወደ ራሱ ማሽን ይመለስ። ያበቃለት ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው እጅ ይወገድ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ሠራተኛ ብቻውን የሚገፋው ጋሪ ነው፤ ከባዱ ሥራ ያለው አሠራራችንን በመለወጡ ላይ ነው። ለዚህም ነው ለቢሮዎች የምጽፈው።

የታመቀ አየር የማይጠቀም ፋብሪካ ማግኘት ያስቸግራል። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ኤር ጄት ማሽን ማጉን የሚወረውረው በአየር ነው። የታሸገ ውኃ ፋብሪካው የፕላስቲክ ጠርሙሱን የሚነፋው እስከ 40 ባር በሚደርስ የአየር ግፊት ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካው የአቧራ መያዣ ከረጢቶቹን በአየር ያራግፋል። ቢራ ፋብሪካው ደግሞ ከአየር ኮምፕሬሰሩ ሌላ አሞኒያ የሚያምቁ ትልልቅ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰሮች አሉት። በብዛት የምናየው ስክሩ ኮምፕሬሰር ነው። ሁለት የተጠማዘዙ ሮተሮች እርስ በርስ እየተያያዙ ሲዞሩ አየሩን ያምቁታል፤ ዘይቱም በመካከላቸው ይረጫል። ዘይቱ ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፤ በሮተሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ከዚያ በሴፓሬተር ከአየሩ ተለይቶ ይመለሳል። ማሽኑ እስካልቆመ ድረስ ይህ ዑደት አይቆምም።

ዘይቱን የሚጎዳው ምን እንደሆነ የአገራችን ፋብሪካ ሠራተኛ ያውቀዋል። በበጋ ወራት ከሲሚንቶ ወይም ከጠጠር መፍጫ አጠገብ የቆመ ኮምፕሬሰር የሚስበው አየር አቧራ ነው። የአየር ፊልተሩ ሳይቀየር ከከረመ ደቃቁ አሸዋ በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ውኃውም የሚመጣው ከአየሩ ነው። ፋብሪካው ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ኮምፕሬሰር ሲገዛ ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ እያረፈ ይውላል፤ ዘይቱ በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ በአየሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት ውኃ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ሦስተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ዘይት ከ60 ወይም ከ70 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የሚበላሽበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ማሽኑ ሙሉ ጭነት ላይ እንዳለ ቀጥ ይላል፤ የማቀዝቀዣው ፋንም አብሮ ይቆማል፤ ዘይቱ በጋለው ብረት ላይ እንደተቀመጠ ይበስላል።

የከፍታውን ጉዳይም መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ያንኑ 7 ባር ለማግኘት ማሽኑ አየሩን ይበልጥ ማመቅ አለበት፤ የሚያቀዘቅዘው አየርም ስስ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወንድሙ ይልቅ ይሞቃል። የአምራቹ መመሪያ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለማዕድን ዘይት 2,000 ሰዓት፣ ለሲንቴቲክ ዘይት 8,000 ሰዓት ይላል። ይህ ቁጥር አማካይ ግምት ነው። ንጹሕ ክፍል ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ በሚሠራ ማሽን ላይ ጤነኛውን ዘይት ያስጥላል። በአቧራና በሙቀት መካከል በቆመ ማሽን ላይ ደግሞ ያበቃለትን ዘይት እስከ ሰዓቱ ድረስ ያቆያል፤ ኩሽኔታው የሚበላውም ያኔ ነው። ሰዓት ቆጥሮ መቀየር ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ በሁለቱም በኩል ያስከፍላል።

አሁን ወደ ጋሪው ልምጣ። በሁለት ጎማ ላይ የተገጠመ ትንሽ ሞተርና ፓምፕ አለው። ከፓምፑ ቀጥሎ ሁለት የፊልተር ቤቶች ይቆማሉ፤ የመጀመሪያው ሻካራውን፣ ሁለተኛው ደቃቁን ይይዛል። በፊልተሩ መግቢያና መውጫ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳይ ጌጅ አለ፤ ልዩነቱ ሲያድግ ፊልተሩ ጠግቧል ማለት ነው። አንደኛው ሆዝ ከዘይት ጋኑ ሥር ይስባል፤ ሌላኛው አጣርቶ ይመልሳል። ኮምፕሬሰሩ ላይ በፋብሪካ የተገጠመው ፊልተር የዘይቱን ሙሉ ፍሰት ያለ ችግር ማሳለፍ ስላለበት በጣም ደቃቁን ቆሻሻ መያዝ አይችልም። ጋሪው ግን አይቸኩልም። በደቂቃ 20 ሊትር የሚያሳልፍ ጋሪ 200 ሊትር ዘይትን ሰባት ጊዜ ለማዞር 70 ደቂቃ ይበቃዋል። በሙያው እንደ መመሪያ የተያዘው ሰባት ዙር ነው፤ ምክንያቱም የተጣራው ካልተጣራው ጋር እየተቀላቀለ ስለሚመለስ አንድ ዙር ሁሉንም አያዳርስም።

ደቃቅ ስል ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ልናገር። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። በኩሽኔታ ውስጥ ብረትን ከብረት የሚለየው የዘይት ሽፋን ግን አንድ ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ነው። ኩሽኔታ የሚበላው በዓይን የማይታየው ቅንጣት ነው። ስለዚህ «ዘይቱ ንጹሕ ይመስላል» የሚለው የፎርማን ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ለዚህ የሚያገለግለው አይሶ 4406 የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን በላይ የሆኑ ቅንጣቶችን ቆጥሮ በሦስት ቁጥር ይገልጻቸዋል። ለምሳሌ 18/16/13 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ከ4 ማይክሮን በላይ የሆኑት ቅንጣቶች በሚሊ ሊትር ከ1,300 እስከ 2,500 መሆናቸውን ይናገራል። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ቆሻሻው በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 21 ላይ ያለ ዘይት 18 ላይ ካለው ስምንት እጥፍ የቆሸሸ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የፋብሪካ ኃላፊ የማያምነኝን ነገር ልናገር። ከበርሜል የተቀዳ አዲስ ዘይት ለማሽን የሚበቃ ንጽሕና ላይኖረው ይችላል። በማጓጓዣና በበርሜል አልፎ ሲመጣ 21 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በርሜሉ ደጅ ቆሞ ሲያድር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዝናብ ሲዘንብ ክዳኑ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ቀን በፀሐይ የሞቀው በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በቡሹ ጥርስ በኩል ያንን ውኃ ጠብ ጠብ እያደረገ ይስባል። በርሜልን በጎኑ አስተኝቶ፣ ሁለቱም ቡሾች በዘይቱ ደረጃ ሥር ሆነው ከጣራ በታች ማስቀመጥ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ጋሪው ካለ ደግሞ አዲሱን ዘይት ወደ ማሽን የምንሞላው በእሱ አሳልፈን ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋው የሚመለስ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ውኃ ሲሆን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ውኃ የሚመጥ ፊልተር ይገጠማል። ብዙ ከሆነ ዘይቱ 60 ዲግሪ ገደማ ድረስ እንዲሞቅ ይደረግና ቫኪዩም ባለበት ጋን ውስጥ በስሱ ይፈስሳል። ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው የከባቢ አየር ግፊት ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ ውኃ በ60 ዲግሪ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በፓምፕ ተስቦ ይወጣል፤ ዘይቱ ሳይቃጠል ይደርቃል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በኤሌክትሪክ ዘርፍ የትራንስፎርመር ዘይት በዚሁ መንገድ እየሞቀ በቫኪዩም ሲጣራ ኖሯል። ለትራንስፎርመር የምናምነውን ለኮምፕሬሰር የምንጠራጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ምርመራው ከየት ይጀምራል? ከናሙና ነው። ማሽኑ ሠርቶ ዘይቱ ሞቅ እንዳለ ይቆማል፤ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ይረጋገጣል፤ ቫልቩ ተከፍቶ መጀመሪያ የሚወጣው ይደፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው በንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ይያዛል። ጠርሙሱ ላይ የማሽኑ ቁጥር፣ የዘይቱ ዓይነትና የሠራበት ሰዓት ይጻፋል። ከዚያ የመጀመሪያውን ፈተና እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ወደ 150 ዲግሪ በሞቀ ብረት ምጣድ ላይ ጥቂት ጠብታ ይንጠባጠባል። ጠብታው ዝም ብሎ ከተዘረጋ ደህና ነው፤ ከተንጣጣና አረፋ ካወጣ ውኃ አለበት። ሁለተኛው ፈተና ነጭ የማጣሪያ ወረቀት ነው። አንድ ጠብታ ይንጠባጠብበትና ለጥቂት ሰዓት ይቀመጣል። ዘይቱ እየተስፋፋ ሄዶ ጫፉ ላይ የጠራ ቢጫ ቀለበት ከያዘና መሐሉ ካልጠቆረ ተስፋ አለው። መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ቆርጦ ከቀረ ግን ዘይቱ የተሸከመው ቃጠሎ በዝቷል። ከዚህ የሚሻለው ሦስተኛው ነው። ናሙናው በሟሟ ፈሳሽ ቀጥኖ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ በነጭ ሜምብሬን ላይ ይሳባል፤ ሜምብሬኑ በትንሽ ማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚያብለጨልጭ ስንጣሪ የኩሽኔታ ብረት ነው። መስታወት የመሰለ ፍሬ አሸዋ ነው። ሜምብሬኑን ሁሉ ቡናማ ያደረገው ደግሞ ከተበላሸ ዘይት የሚወጣው ቫርኒሽ ነው። የጥገና ሠራተኛ ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ሲያይ ስለ ንጽሕና ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

እነዚህ ፈተናዎች ላቦራቶሪን አይተኩም። ብረት ላይ የሚንጣጣ ውኃ ለማግኘት መጠኑ ቢያንስ ከ500 እስከ 1,000 ፒፒኤም መድረስ አለበት፤ ከዚያ በታች ያለውን የሚያውቀው የካርል ፊሸር ምርመራ ነው። ዘይቱ ይመለስ ወይስ ይወገድ የሚለውን ለመወሰን በ40 ዲግሪ ያለው ቪስኮሲቲ (ውፍረቱ)፣ የአሲድ ቁጥሩና በውስጡ ያሉት የብረት፣ የመዳብና የሲሊኮን መጠኖች መታወቅ አለባቸው። የቪስኮሲቲ ቁጥሩ 46 የሆነ ዘይት ከዚያ በ10 በመቶ ከራቀ ጥያቄ ይነሣል። የአሲድ ቁጥሩ ከአዲሱ ዘይት በጉልህ ካደገ ነገሩ አልቋል።

ስለ ጋሪው ብዙ ተስፋ ሰጥቼ ገደቡን ሳልናገር ብቀር ለአንባቢው ታማኝ አልሆንም። ማጣሪያ ቅንጣትን ያወጣል፤ ውኃን ያወጣል። በሙቀት የተቃጠለውን ዘይት ግን ወደ ልጅነቱ አይመልስም። የኮመጠጠ ጠላ ደጋግመው ቢጠልሉት ይጠራል እንጂ ኮምጣጣነቱን አይተውም፤ ኦክሲዴሽን የገባበት ዘይትም እንደዚያው ነው። በውስጡ የነበረው ፀረ ኦክሲዴሽን ቅመም ካለቀ ፊልተር አይተካውም። አንዳንድ ሰዎች ለትራንስፎርመር ዘይት የሚያገለግለውን የሸክላ አፈር ማጣሪያ ለኮምፕሬሰር ዘይት ሲያስቡ እሰማለሁ። ያ አፈር ከአሲዱ ጋር ጠቃሚውን ቅመም ጭምር ይመጥጠዋል፤ መደረግ የለበትም።

ጨርሶ የማይነኩም አሉ። የኦክሲጅን ኮምፕሬሰር ከማዕድን ዘይት ጋር ሊገናኝ አይገባም፤ ፍንዳታ ነው። በአንዳንድ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ፖሊኦልኤስተር ዘይት ከአየር እርጥበት በፍጥነት ስለሚስብ ክፍት ጋሪ ላይ አይወጣም። የአሞኒያ ኮምፕሬሰር ዘይት በውስጡ የሟሟ ጋዝ ስላለ ጋዙ በደህና እስኪወጣ ድረስ የሚከፍተው ሠልጥኖ መከላከያ የለበሰ ሰው ብቻ ነው። ፖሊግላይኮል ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊረጋና ፊልተሩን ሁሉ ሊደፍን ይችላል። ዋስትናው ያላለቀ ማሽን ላይ ደግሞ አምራቹ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ሰርቪስ ማራዘም የፋብሪካውን መብት ያሳጣል።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው አንድ ነገር አለ። አሮጌ ትራንስፎርመሮች ፒሲቢ የሚባል መርዝ ያለበት ዘይት ሊይዙ ይችላሉ። አገራችን የፈረመችው የስቶክሆልም ስምምነትም ይህ መርዝ እንዲወገድ ያዝዛል። አንድ ማጣሪያ ዛሬ ትራንስፎርመር ላይ ነገ ኮምፕሬሰር ላይ ከዋለ መርዙን ከቤት ወደ ቤት ያዞረዋል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ማጣሪያ በጋራ ይሁን ስል ሆዙና ፊልተሩ በዘይት ዓይነት ተለይቶ፣ ለትራንስፎርመር የዋለው ለሌላ እንዳይውል በቀለም ምልክት ተደርጎበት ማለቴ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። እያንዳንዳቸው 60 ሊትር ዘይት የሚይዙ ሦስት ኮምፕሬሰሮች ያሉት መካከለኛ ፋብሪካ እንውሰድ። ማሽኖቹ በዓመት 6,000 ሰዓት ይሠራሉ፤ ዘይቱ በየ2,000 ሰዓቱ ይቀየራል። በዓመት 540 ሊትር ማለት ነው፤ ወደ ሦስት በርሜል ይጠጋል። ምርመራና ማጣሪያ ገብቶ የዘይቱ ዕድሜ በእጥፍ ቢራዘም 270 ሊትር ይተርፋል። ይህን በየፓርኩ ባሉት ፋብሪካዎች አባዙት። ቁጠባው በዘይቱ ላይም አይቆምም። ዘይት ሲበላሽ ቫርኒሹ ሴፓሬተሩን ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ሴፓሬተር ማሽኑ ከሚያስፈልገው በላይ ግፊት እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ግፊቱ በ1 ባር ሲጨምር የኤሌክትሪክ ፍጆታው ወደ 7 በመቶ ያድጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘይት፣ ሴፓሬተርና ኩሽኔታ የምንገዛው በዚያ ዶላር ነው።

የተጣለው ዘይት ወዴት ይሄዳል? «የተቃጠለ ዘይት» በሚል ስም በጀሪካን ይሸጣል። የኮንክሪት ፎርም ይቀባበታል፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከምስጥ እንዲድን ይነከርበታል። ገዢ ያጣው ቦይ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦይ የገባ ዘይት መድረሻው አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ነው። በአቃቂ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ያ አትክልት ተመልሶ የምንበላው ነው። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ሊበክል እንደሚችል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ለዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል። ሕጉ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቀላቀለችው የባዝል ስምምነት ለታለመለት ሥራ የማይሆን የማዕድን ዘይትን ቁጥጥር ከሚያስፈልጋቸው ቆሻሻዎች መካከል መድቦታል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም ወጥቷል። አዋጁ በፋብሪካው ጓሮ ያለውን ጀሪካን ሲነካ ግን አላየሁም።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፈሳሽ ቆሻሻ ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ጣቢያ አብሮ መሠራቱን ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ለውኃ ያሰብነውን ለዘይት ማሰብ ይከብደናል ብዬ አላምንም።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ከልምዴ አንድ ነገር ልጥቀስ፤ የፋብሪካውን ስም አላነሣም። በአንድ ቦታ የጥገና ክፍሉ ማጣሪያ ጋሪ አግኝቶ ዘይቱን እየመረመረ ማራዘም ጀመረ። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ የዓመቱ የዘይት በጀት ሳያልቅ ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት በጀቱ ባልተጠቀሙበት ልክ ተቀነሰ። ለጋሪው መለዋወጫ ፊልተር የተጠየቀው ገንዘብ ደግሞ «በዕቅድ ያልተያዘ» ተብሎ ተመለሰ። ኦዲት ሲመጣ የሰርቪስ ካርዱ ላይ የዘይት መቀየሪያ ቀን በመተላለፉ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ ከካርዱ ጋር የተያያዘውን የምርመራ ውጤት ማንም አላነበበውም። ጋሪው ስቶር ገባ፤ በርሜል መግዛቱም ቀጠለ። በደንብ የሠራ ሰው የሚቀጣበት አሠራር እስካለ ድረስ የትኛውም መሣሪያ አያድነንም። የብዙ የጥገና ባለሙያ ሞራል የሞተው በዚህ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ፣ በ«ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ውስጥ የማሽን ዘይት አያያዝ መመሪያ ይካተት የሚል ነው። መመሪያው ዘይትን በምርመራ መቀየር ተቀባይነት ያለው አሠራር መሆኑን በግልጽ ይጻፍ፤ ኦዲተሩ ከቀኑ ይልቅ የምርመራውን ውጤት ይጠይቅ። የማጣሪያ ፊልተርና የመመርመሪያ መሣሪያ እንደ ማምረቻ መለዋወጫ ይታዩ። የአገራችን የደረጃ አውጪ ተቋምም አይሶ 4406ን መሠረት አድርጎ ፋብሪካዎች የሚከተሉት የንጽሕና ደረጃ ያዘጋጅ።

የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽንን የምጠይቀው በእያንዳንዱ ፓርክ የጋራ ማጣሪያ ጋሪና ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዲመደቡ ነው። ትንሽ ፋብሪካ ጋሪ ገዝቶ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ከሚጠቀምበት ተከራይቶ ቢጠቀም ይሻለዋል። ከፓርኩ አቅራቢያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የላቦራቶሪውን ሥራ ቢይዝ ተማሪውም ይማርበታል፤ ናሙናውም ወደ ውጭ አገር አይላክም።

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አንድ ልመናና አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልመናው፣ ፋብሪካ የራሱን ዘይት በራሱ ግቢ አጣርቶ ወደዚያው ማሽን ሲመልስ እንደ ቆሻሻ ማጓጓዝ ተቆጥሮ በፈቃድ ብዛት እንዳይታሰር ነው። ማሳሰቢያው ግን ጥብቅ ነው። የተቃጠለ ዘይት ሰብስቦ በአሲድና በሸክላ አንጥቶ፣ አሮጌ ጣሳ ውስጥ ሞልቶ እንደ አዲስ የሚሸጥ ሰው ማጣሪያ ነኝ ብሎ እንዳያልፍ። ያ ሥራ አሲድ ያለበት ዝቃጭ ይተዋል፤ ገዢውንም ማሽኑን ያስበላዋል። ልዩነቱን ማወቅ አያስቸግርም፤ እኛ የምናጣራው ዘይት ከግቢ አይወጣም፤ ከማሽን ወጥቶ ወደዚያው ማሽን ይመለሳል፤ ታሪኩም በወረቀት ላይ ነው። ከግቢ የሚወጣው ያበቃለት ዘይት ደግሞ ማን እንደወሰደው፣ ምን ያህል እንደወሰደና የት እንዳደረሰው በቅጽ ይመዝገብ። ያገለገለ ፊልተርም አብሮ ይቆጠር፤ በውስጡ የያዘው ያንኑ መርዝ ነው።

የፋብሪካ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ መመሪያው እስኪወጣ አትጠብቁ። ሁሉንም ማሽን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ ዋስትናው ያለቀ፣ ዘይቱ በውል የሚታወቅ አንድ ኮምፕሬሰር ምረጡ። በርሜሎቻችሁን ከዝናብ አንሡ። የጥገና ክፍላችሁ ዘይት ለመቆጠብ ሲነሣ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱን አትቀንሱበት፤ ከተረፈው ላይ ለፊልተርና ለምርመራ ስጡት። የሚቀጥለው ሰርቪስ ሲደርስም መካኒኩ ቡሹን ከመፍታቱ በፊት ናሙና ያስወስድ፤ ዘይቱ የሚወጣው ውጤቱ ሲታይ ብቻ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ